ቤት በቃል አይወረስም

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

በከተማችን የኑዛዜ ነገር የሚነሣው ብዙ ጊዜ ሰው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል። ልጆች መጠየቅ ያፍራሉ፤ ወላጆችም ማንንም ላለማስቀየም ዝም ይላሉ። በመጨረሻ የነፍስ አባትና ጎረቤት ይጠራሉ፤ ሕመምተኛው «ቤቱ ለእገሊት ይሁን» ይላሉ፤ ሁሉም ይሰማል። ይህ ቃል ግን ቤቱን አያስተላልፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ተናዛዡ ተሽሏቸው 3 ወር ከቆዩ ደግሞ ያም ይቀራል።

ስለዚህ ቤት ያለው ሰው በጽሑፍ ይናዘዝ። አንዱ መንገድ ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጃቸው የሚጽፉት ነው። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከቆየ ግን አደጋ አለው፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ሁለተኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላውም በዚህ ነው። ተናዛዡ ራሳቸው ወይም እሳቸው እየነገሩት ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ አምስቱም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አብዛኛው ሰው የሚስተው መነበቡን ሳይሆን መነበቡን መጻፉን ነው። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ በዚህ ቀን ተፈረመ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ምስክሮቹ በሙሉ ቀርበው «አዎ ተነቦልናል» ቢሉም ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። አንዱ ምስክር ሥራ ላይ ነው ተብሎ ወረቀቱ ማታ ቤቱ ድረስ ተልኮ ከተፈረመም ያው ነው። የሚወርስ ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ምስክር አይሁን። የነፍስ አባት ቢመሰክሩ ጥሩ ነው፤ ግን በዚያው ኑዛዜ ምንም አይተውላቸው፤ ለተቃዋሚ በር ይከፍታል። ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ደግሞ የጣት አሻራውን ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ፊት ማድረግ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ተናዘው አብረው ሲፈርሙ ደስ ይላል፤ በሕግ ግን ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ። በትዳር የተፈራ ቤት ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም የጋራ ነውና፣ ባል ሊናዘዝ የሚችለው በግማሹ ነው። የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አለመሆኑን ብዙ ሴቶች የሚሰሙት ከለቅሶ በኋላ ነው። ሚስት የራሷን ግማሽ ትወስዳለች፤ የባሏ ግማሽ ግን ለልጆቹ እኩል ይሄዳል፤ ከሌላ ሴት ለወለዳቸውም ጭምር። ባል ሚስቱ ከቤቷ እንዳትወጣ ከፈለገ ይጻፍ። ልጅን ከውርስ ለመንቀልም ምክንያቱ በኑዛዜው መገለጽ አለበት፤ በዝምታ ማለፍ መንቀል አይደለም።

በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን ለመረጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ በኑዛዜ የሚሰጠው ከሲሶ አይበልጥም። በዘጌ የቡና መሬት ወይም በሐይቁ ዳር እርሻ ያለው ሰው ደግሞ መሬቱን እንደ ቤት አይናዘዘው። የገጠር ይዞታ የሚተላለፈው በክልሉ የመሬት አዋጅ፣ በ252/2009 ነው፤ ማን ሊወርስ እንደሚችል ከመጻፍ በፊት የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ስጦታ ነው። «ልጄ ይጦረኛል» ብለው በቁማቸው ቤታቸውን በስጦታ የሚያዞሩ እናቶችና አባቶች እየበዙ ነው። ኑዛዜ እስከ ዕለተ ሞት ሊለወጥ ይችላል፤ ስጦታን ማስመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው። ልጁ ቢሸጠው፣ ቢያስይዘው ወይም በፍቺ ቢከፈልበት አዛውንቱ ምን ይዘው ይከራከራሉ? መስጠት ግድ ከሆነ በሕይወት እስካሉ በቤቱ የመኖርና የማከራየት መብታቸው (ሕጉ አላባ የሚለው) በስጦታው ሰነድ ይጻፍ፤ ካርታው ባለበት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ልጅ ወላጁን መቀለብ የሕግ ግዴታው ነው፤ ለዚህ ቤት መክፈል አያስፈልግም።

ውክልናም እንዲሁ በተሳሳተ ተስፋ ይያዛል። ውክልና ወካዩ ሲሞቱ ያበቃል። ከሞት በኋላ በውክልና የተሸጠ ቤት ገዢውንም ወራሾቹንም ፍርድ ቤት ያቆማል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ አይበቃም፤ መሸጥና ማስያዝ ለይቶ መጠቀስ አለበት። ወካዩ አእምሯቸው ደክሞ ችሎታ ካጡም ውክልናው አይጸናም። ያኔ የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ንብረታቸውን ራሳቸው እንዳያስተዳድሩ በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾምላቸው ያስደርጋል። ከክልከላው በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይቻልም፤ ቀድሞ የተደረገው ግን ይጸናል። የመርሳት ምልክት መታየት ሲጀምር መዘግየት የማይገባው ለዚህ ነው። በዚያ ወቅት የሚጻፍ ኑዛዜ በዚያው ሰሞን ከተሰጠ የሐኪም ማስረጃ ጋር ቢቀመጥ መልካም ነው።

ሞት ሲደርስ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው ማስመዝገብ፣ ኑዛዜ መፈለግ፣ ከዚያ ሟች ይኖሩበት በነበረው አካባቢ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ መጠየቅ ነው። ዕዳ ሳይከፈል ክፍፍል የለም። ንብረቱን ሌላ ሰው መያዙን ያወቀ ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱን ሊያጣ ስለሚችል «ሙት ዓመቱ ይለፍ» እየተባለ አይቆይ።

ዝግጅት ክፍሉ በአንዱ ዕትም የግልጽ ኑዛዜ ናሙና ከነመዝጊያ ቃሉና ከነአምስቱ የፊርማ ቦታ ቢያትምልን፣ እድሮች ቆርጠው በየመሰብሰቢያቸው ሊለጥፉት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከባሕር ዳር