ለጎንደር እንደራሴዎች፦ በጦርነት ላይ የሰጣችሁትን ድምፅ በስማችሁ ንገሩን

ከጎንደር ከተማና ከአካባቢው ተመርጣችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለገባችሁ እንደራሴዎች

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ስለ አንዲት የሩቅ አገር ፖለቲከኛ ላነሳላችሁ ነው። ስማቸው ጃኔት ራንኪን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ሞንታና ከምትባል ግዛት ተመርጠው የአሜሪካ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ትግባ አትግባ የሚል ጥያቄ መጣባቸው። ስማቸው ሲጠራ «ከአገሬ ጎን መቆም እፈልጋለሁ፤ ለጦርነት ግን ድምፄን መስጠት አልችልም» አሉ። ሌሎች 49 አባላትም ተቃውመው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በ1940 እንደገና ተመረጡ። ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1941፣ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ውጤቱ 388 ለ1 ነበር። አንዷ እሳቸው ናቸው። «ሴት ስለሆንኩ መዝመት አልችልም፤ ሌላ ሰው መላክንም እምቢ እላለሁ» ብለው ነበር። ከአዳራሹ ሲወጡ ሕዝቡ ከበባቸው። ስልክ መደወያ ክፍል ውስጥ ገብተው ፖሊስ ጠርተው ነው በአጀብ ቢሯቸው የደረሱት። ወንድማቸው ሳይቀር ሞንታና መቶ በመቶ ተቃውሞሻል አላቸው።

የጎንደር ሰው ነኝና እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። ከዚያ ድምፅ 11 ቀን በፊት፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጥቷል። ነፃ የወጣነው በአርበኞቻችን ደምና በእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ነው። ስለዚህ ራንኪን እ.ኤ.አ. በ1941 በሰጡት ድምፅ አልስማማም። የተወረረ ሕዝብ ራሱን ይከላከላል። ግን የዚያ ዘመቻ ዋጋም ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ተጎድቷል። ነፃ ያወጣን ጦርነት እንኳ ይህን አድርጎ ነው ያለፈው።

ታዲያ ካልተስማማሁ ለምን አነሳኋቸው? የሰጡት ድምፅ ስም ስላለው ነው። ዊሊያም አለን ኋይት የሚባል የካንሳስ ጋዜጠኛም አልተስማማም። ሆኖም ምናልባት መቶ የሚሆኑ አባላት እንደ እሳቸው ማድረግ ይፈልጉ እንደነበር፣ አንዳቸውም ግን ድፍረቱ እንዳልነበራቸው ጻፈ። ይህን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። በልባቸው ጦርነቱን ያልወደዱ፣ እጃቸው ግን የወጣ ሰዎች ስንት ይሆኑ?

ራንኪን እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ87 ዓመታቸው፣ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን መርተው ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጡ። ያረፉት በ1973 ነው። በ1985 ሐውልታቸው ኮንግረሱ ሕንፃ ውስጥ ቆመ። የተጻፈበትም ያ የ1917 ቃላቸው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የእኛ ጦርነት ከውጭ ወራሪ ጋር አይደለም። የሚተኩሰውም የሚተኮስበትም የእኛው ልጅ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከዳባት ወይም ከደምቢያ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መምጣት ያለባት ወላድ እዚያው ትቀራለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን ዓመት ይቃጠልባቸዋል። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ዘመዶቻችሁ እዚሁ ናቸው።

ምክር ቤታችሁ ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። በጥር 2016 ደግሞ ለአራት ወር አራዘመው። እኛ ጋ የሚደርሰው ወሬ ሁልጊዜ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ነው። የእኔ እንደራሴ እጅ የቱ ጋ ነበር? ደግፎ ከሆነ ምን አይቶ ነው? ተቃውሞ ከሆነስ ለምን አልነገረኝም?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምትገዙት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናችሁ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል እዚያ የለም። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጣችሁት ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማትከሰሱም ያው አንቀጽ ይደነግጋል። የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣንም በአንቀጽ 55 የተሰጠው ለእናንተው ነው። ራንኪን የነበራቸው ወንበር ይኸው እናንተም ጋ አለ።

ሁላችሁም «እምቢ» በሉ አልልም። አዋጁ ሰው ያድናል ብሎ ከልቡ ያመነ አባል ካለ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ። የምጠይቀው ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ጎንደር መጥታችሁ በር ክፍት የሆነ ስብሰባ እንድትጠሩ ነው። የተመረጠ ተሳታፊ ብቻ የሚገባበት አይሁን፤ ልጁን ያጣ ወላጅም ይግባ፣ የታጣቂም የወታደርም እናት ትግባ። በ2015 እና በ2016 እንዴት እንደመረጣችሁ እያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ተናገሩ። ወደፊትም እንዲህ ያለ አዋጅ ሲመጣ ድምፁ በስም ጥሪ እንዲሰጥ በምክር ቤቱ ሐሳብ አቅርቡ።

የሚናገረውን አባል፣ የትኛውንም ወገን ይያዝ፣ እንዳይሰደብ እኔና ጎረቤቶቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን እናዳምጣለን። ቀኑን አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጎንደር ፒያሳ አንድ መራጭ