ጠርዙ ላይ ቆዪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን የብየዳ ልምምድሽን ፎቶ ትናንት ማታ የእናትሽን መነጽር ተውሼ ሦስት ጊዜ አየሁት። አስተማሪሽ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ያለሽን ግን አልቀበልም። በተጋደመው ብረት ላይ የበየድሽው እኮ እንደ ሙዳይ ስፌት እኩል እኩል ነው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲህ አይሠራም።

የቆመው ብረት ላይ የበየድሽው ግን መካከሉ ሆዱን ነፍቷል፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ቦይ ተቆፍሮበታል። ሁለቱም የአንድ ጥፋት ልጆች ናቸው፤ መሐል ላይ እየዘገየሽ ጠርዙን ቸኩለሽ አልፈሽዋል። እሳቱ የብረቱን ጠርዝ ይበላዋል፤ የበላውን የሚሞላው እዚያው ስትቆዪ ብቻ ነው። መካከሉ ከግራም ከቀኝም ስታልፊበት ስለሚግል መቆየት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ከታች ጀምሪ። መጀመሪያ ግርጌው ላይ ትንሽ መደርደሪያ ሥሪ፤ ተከትሎ የሚመጣው የቀለጠ ብረት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ከዚያ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ስትሄጂ ቦዩ እስኪሞላ ቆዪ፣ መካከሉን ሳትዘገዪ ተሻገሪ። እኔ ስማር በልቤ «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ እቆጥር ነበር፤ በኋላ ግን ዓይን ራሱ ይለምደዋል። የምትመለከቺው ብርሃኑን ሳይሆን የቀለጠውን ኩሬ ነው። የኩሬው የታችኛው ከንፈር መንጠልጠል ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ አቁሚና ይቀዝቅዝ።

7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚሞላውን የብየዳ ዘንግ)፣ ባለ 3.2 ሚሊሜትሩን፣ በተጋደመ ብረት ላይ በ125 አምፔር ትሠሪ ከነበረ ለቁሙ ወደ 110 አውርጂው። ያረጀ ማሽን ቁጥሩ እውነት አይናገርምና አስቀድመሽ ቁራጭ ብረት ላይ ሞክሪ። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይበል፤ ከብረቱ ያለው ርቀትም ከራሱ ውፍረት አይብለጥ። ኤሌክትሮዱን ወደ ላይ ነጠቅ እያደረጉ መመለስን ያሳዩአችሁ 6011 በሚባለው ሌላ ዓይነት ኤሌክትሮድ ከሆነ ትክክል ነው። 7018 ላይ ግን አታድርጊው፤ ባራቅሽው ቁጥር አየር ይገባና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ገመዱን ደግሞ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው፣ ክርንሽንም አንድ ነገር ላይ አስደግፊ። ምናልባት አስተማሪሽ መንቀጥቀጥ ያለው የገመዱን ክብደት ይሆናል።

«ከላይ ወደ ታች ብበይደውስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለስስ ላሜራ እሺ፤ ቶሎ ስለሚያልፍ አይበሳውም። ለወፍራም ብረት ግን እኔን ያየ ይቀጣ። አንቺ ሳትወለጂ፣ ለአንድ ሰውዬ የ2,000 ሊትር የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ሠራሁ። ቀኑ እየመሸ ስለነበር እግሮቹን ከላይ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረግኳቸው። ሲያዩት የሚያምር፣ ለስላሳ ብየዳ ነበር፤ ሰውየውም አመስግኖኝ ከፈለኝ። ታንከሩ ሲሞላ ሁለት ቶን ነውና በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እግር ተላቀቀ። ደግነቱ ሥሩ ሰው አልነበረም። ስብራቱን ሳየው የአንግል ብረቱ ጠርዝ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ እሳት አልነካውም፤ ብየዳዬ እንደ ሙጫ ከላይ ተለጥፎ ኖሯል። ከኤሌክትሮዱ ልባስ የሚወጣው የቀለጠ ቅርፊት ከእሳቱ ቀድሞ ወርዶ መገናኛውን ሸፍኖብኝ ነበር። በራሴ ብረትና በራሴ መብራት፣ አራቱንም እግር ከታች ወደ ላይ እንደ አዲስ በየድኩ። ሰውየው አጠገቤ ወንበር አስመጥቶ እስክጨርስ አልተነሣም።

ሌላው የኤሌክትሮዱ ነገር ነው። የሐምሌ እርጥበት ለ7018 ጠላት ነው፤ እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳውን ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ራስን ማታለል ነው፤ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚያሞቅ ምድጃ ይፈልጋል። ትምህርት ቤታችሁ ምድጃው ካለው ከዚያ የወጣውን ብቻ ተቀበዪ።

የቀኝ ጓንትሽ ተበስቷል ስላልሽ የእኔን ልኬልሻለሁ። ይሰፋሻል፤ ግን እጅሽ ከሚቃጠል ይስፋሽ። እናትሽ በሶ ጨምራበታለች፤ በሶውን ጓንቱ ውስጥ ልትከተው ስትል ደርሼ ነው ያስጣልኳት። ቅዳሜ የምትበይጂውን ደግሞ ቅርፊቱን አራግፈሽ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽድተሽ፣ ከጎን በኩል ፎቶ አንሺልኝ። ከፊት ለፊት ሲነሣ ቦዩ አይታይም።

አባትሽ