ለእማዬ፣ ስለ ሥራ ፍለጋዬ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? በደወልኩ ቁጥር «ተገኘ ወይ?» ትይኛለሽ፤ እኔም «ገና ነው» እልሽና ወሬ እንቀይራለን። ከዚያ በኋላ እያሰብሽ እንቅልፍ እንደምታጪ ስለማውቅ፣ በስልክ የማልጨርሰውን በጽሑፍ ላስረዳሽ ብዬ ነው።

ጠዋት ሥራ እንደሚገባ ሰው ተነሥቼ ለብሼ ጠረጴዛዬ ጋ እቀመጣለሁ። እስከ ምሳ ያለው ሰዓት የማመልከቻ ነው፤ ስልኬ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ማስታወቂያው ላይ የተጠየቀውን እያንዳንዱን ችሎታ አሰምርበትና፣ ለእያንዳንዱ «ይህን የት ሠርቼዋለሁ?» ብዬ አጠገቡ እጽፋለሁ። መልስ ያጣሁለትን ከሰዓት በኋላ እማራለሁ። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ስናገረው የሚያደናቅፈኝ ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል። ከዚያ የላክሁበትን ቀን፣ የሥራ መደቡንና መቼ ደውዬ እንደምጠይቅ በደብተር አሰፍራለሁ። አንዱን ሲቪ ለሁሉም መበተን ይቀል ነበር፤ እኔ ግን ጥቂት፣ በደንብ የተሠራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከባዱ ዝምታው ነው። «አልተቀበልንሽም» እንኳ ቢሉ ሰው ያርፋል፤ ብዙዎቹ ምንም አይሉም። አንዳንድ ጠዋት ልቤ ጨርሶ አይነሣም። ያኔ አንድ ማስታወቂያ ብቻ ከፍቼ አነባለሁ፤ ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሥርዓቱን አጥብቄ የያዝኩበት ምክንያት አለኝ። ኦስትሪያ ውስጥ ማሪንታል የምትባል መንደር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ ፋብሪካው ሲዘጋ አብዛኛው መንደርተኛ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ የምትባል የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሄደው አጠኑት፤ ውጤቱም በ1933 ታተመ። ሰዎቹ ትርፍ ጊዜ ቢኖራቸውም ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ ሰዓት መያዝ ተዉ፣ መንገድ ላይ እርምጃቸው ዘገየ፣ ቀኑን በምን እንዳሳለፉ መናገር አቃታቸው። የሴቶቹ እርምጃ ግን ፈጣን ነበር፤ የቤቱ ሥራ ቀናቸውን ይዞላቸው ነበር። ይህን ሳነብ አንቺን አሰብኩ። ሥራ ማጣት ደመወዝን ብቻ ሳይሆን ቀንንም ይወስዳል፤ ቀኔን ላስነካ አልፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንደኛ፣ ስንደዋወል «ተገኘ ወይ?» በሚለው ፋንታ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» በይኝ። መገኘቱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የሠራሁትን ግን ሁልጊዜ ልነግርሽ እችላለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅሽ «ደህና ናት» ብለሽ አትለፊው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደሆነ አሳይቷል። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ የሩቁ ነው አዲስ ነገር የሚሰማው። እኔም ለድሮ ባልደረቦቼ እየጻፍኩ ነው፤ «ሥራ ፈልጉልኝ» ሳይሆን «እናንተ ጋ ሥራው እንዴት ነው?» እያልኩ። አንቺም የሒሳብ ባለሙያ እንደሆንኩና ሥራ እየፈለግሁ እንደሆነ ለምታውቂያቸው ሁሉ ንገሪልኝ። አያሳፍርም እማዬ።

እሑድ እደውላለሁ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ።

የምትወድሽ ልጅሽ