ለገና ወደ ስፖኬን ለመብረር ላሰብከው

ውድ ወንድሜ ዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመሣሪያ በረራ ፈቃድህን (ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመሩ የመብረር ፈቃድ) ማግኘትህን ስሰማ ደግሞ ኮራሁብህ። ግን ለገና ባለቤትህንና ልጅህን ይዘህ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከሬንተን ወደ ስፖኬን በትንሿ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ በሴስና 172፣ ልትሻገር ማሰብህ አሳስቦኛልና ሌላውን ወሬ ለሌላ ቀን ትቼ ስለ በረዶ ብቻ ልጻፍልህ።

ደመና ውስጥ ያለ የውኃ ጠብታ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰ ብቻ አይረጋም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የሚረጋው የሚነካው ነገር ሲያገኝ ነው። የሚነካው ደግሞ ያንተን ክንፍ ነው። ጠብታው ትንሽ ከሆነ እንደነካ ረግቶ ነጭ፣ ሸካራ በረዶ ይሆናል። ትልቅ ከሆነ ግን እስኪረጋ ድረስ በክንፉ ላይ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ የጠራ፣ ከባድ፣ ለማየት የሚያስቸግረው በረዶ ከዚህ ይመጣል። ዋናው ጣጣ ክብደቱ አይደለም። የክንፉ ግንባር ላይ የብርጭቆ ወረቀት ያህል ውፍረትና ሸካራነት ያለው ሽፋን ብቻውን ሊፍትን (ክንፉ ወደ ላይ የሚያነሣበትን ኃይል) እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ ድራግን (ወደ ኋላ የሚጎትተውን የአየር ግፊት) እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አውሮፕላኑ ስቶል የሚያደርግበት (ክንፉ መሸከም የሚያቅተው) ፍጥነትም ከለመድከው በላይ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው ሳይጮህ ሊቀድምህ ይችላል።

የ172 መመሪያ በረዶ ወዳለበት አየር መግባትን ይከለክላል። የፒቶት (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያው ፍጥነትህን እንድታነብ ነው እንጂ ክንፉን፣ ጅራቱንና ፕሮፔለሩን የሚያድን አይደለም። መከላከያ ያላቸውም ቢሆኑ ገደብ አላቸው። ኦክቶበር 31 ቀን 1994 ኢንዲያና ውስጥ ሮዝላውን አጠገብ የወደቀው ኤቲአር 72 የመንገደኞች አውሮፕላን በአየር የሚነፋ የጎማ በረዶ ማራገፊያ ነበረው። ትልልቆቹ ጠብታዎች ከጎማው ጀርባ ሄደው ረጉና ኤሌሮኑን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን የክንፍ ክፍል) ከአብራሪዎቹ እጅ ነጠቁት፤ 68 ሰው አለቀ።

አሁን ወደ መንገድህ እንምጣ። ከበረዶ የምታመልጠው ወይ ወደ ታች ሞቃት አየር ውስጥ ገብተህ፣ ወይ ከደመናው በላይ ወጥተህ፣ ወይ ወደ ኋላ ዞረህ ነው። መንገድህን የሚያቋርጡት ካስኬድ ተራሮች ላይ በክረምት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቶሎ ይዘጉብሃል። ሬንተን መሬት ላይ 6 ዲግሪ ነው እንበል። በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ሲቀንስ 3,000 ጫማ ላይ ዜሮ ገባህ። የስኖኳልሚ ማለፊያ ደግሞ ራሱ 3,000 ጫማ ገደማ ነው። ማለፊያው ላይ እንግዲህ ዜሮው ያለው መሬቱ ላይ ነው፤ ከበታችህ የምትወርድበት ሞቃት አየር የለም፣ በግራ በቀኝህ ያሉት ተራሮችም ከዚያ በላይ ናቸው። ወደ ላይስ? 172ኤስ በባህር ጠለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል፤ የመውጫ ጣሪያው 14,000 ጫማ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው በደቂቃ 100 ጫማ ብቻ ነው፣ እሱም ንጹሕ ክንፍ ይዞ። የደመናው አናት 12,000 ላይ ከሆነ በረዶ እየለበስክ፣ አቅምህ እየቀነሰ ለረጅም ደቂቃዎች ትወጣለህ። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ምዕራባዊውን ተዳፋት ሲወጣ ደመናው ውስጥ የሚይዘው ውኃ ስለሚበዛ፣ ከሜዳ ደመና ይልቅ የተራራው ይከፋል።

ከደመናው ሥር ሸለቆውን ይዤ ልሾልክ ብለህ እንዳታስብ። የደመናው ሥር እየወረደ፣ ሸለቆው እየጠበበ ሄዶ መዞሪያ ያሳጣሃል።

ምሥራቁም ሌላ ነው። የኮሎምቢያ ተፋሰስ፣ ያኪማና ኤለንስበርግ አካባቢ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ቀዝቃዛ አየር ታቁሮ ይቀመጥበታል። ከላይ ሞቃት አየር ሲመጣበት የሚወርደው ዝናብ እንደነካ የሚረጋ ይሆናል። ከሁሉ የምፈራልህ ይህንን ነው፤ በየትኛውም አነስተኛ አውሮፕላን የሚደፈር አይደለም።

ትንበያውን ስታይ የበረዶ ማስጠንቀቂያውን፣ ጂ-ኤርሜት ዙሉን፣ ብቻ አትመልከት፤ እሱ የሚያሳይህ የሚቀጥሉትን 12 ሰዓታት ነው። የዜሮ ዲግሪውን ከፍታ፣ የደመናውን ሥርና አናት፣ በመንገድህ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ከፍታ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። የመንገዱ ከፍታ ደመና ውስጥም ከዜሮ ዲግሪው ከፍታ በላይም ከዋለ ጉዳዩ አልቋል። ፓይሬፕ (አብራሪዎች ከአየር ላይ የሚልኩትን ዘገባ) ስታነብ ደግሞ ማን እንደላከው እይ። ቦይንግ 737 «ቀላል በረዶ» ብሎ ያለፈው ክንፉን እያሞቀ፣ ደመናውን በጥቂት ደቂቃ ሰንጥቆ ወጥቶ ነው። ለአንተ ያው ደመና ቀላል አይደለም። «በረዶ የለም» ያለውም ደመና ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አጣራ። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ብርዱ ብቻውን በረዶ አይሠራም፤ ያን ቀን ደስ ብሎህ ብረር።

ያኔም ቢሆን ውጭ ያደረ ክንፍ አመዳይ ይዞ ይነጋልና በባዶ እጅህ ዳስሰው፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ያውቀዋል። አንድም ሳይቀር ይነሣ። ሙቅ ውኃ አትድፋበት፤ ማጠፊያዎቹ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይረጋል። የሞቀ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ ቤት) ውስጥ ማስገባት ወይም ፀሐይ እስክታቀልጠው መጠበቅ ይሻላል።

ሳታስበው ከገባህበት፣ በረዶው መጀመሪያ የሚታይህ ቀጭን ነገር ላይ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ጫፍ፣ አንቴናው፣ የክንፉ ደጋፊ ዘንግ። የማታየው ጅራት ከክንፉ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ሳይለብስ አይቀርም። አውቶፓይለቱን አጥፋ፤ የአውሮፕላኑን መክበድ ከእጅህ ይደብቅብሃል። ወዲያው ለኤቲሲ (ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች) ተናግረህ ወደመጣህበት ዙር፤ ከኋላህ ያለውን አየር ታውቀዋለህ፣ የፊቱን ግን አታውቀውም። ስታርፍ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) አትዘርጋ፣ ፍጥነት ጨምር፣ ረጅም ማኮብኮቢያ ምረጥ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ጋዙን አትልቀቅ።

ከደመናው እኩል የሚያሰጋኝ ይሉኝታው ነው። ስፖኬን ያሉት ዘመዶች ዶሮውን ሠርተው፣ ልጁን ናፍቀው ሲጠብቁህ «አልመጣም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልና «እንመጣለን፤ በአየር ይሁን በመኪና ዋዜማው ማታ እንነግራችኋለን» በላቸው። በአይ-90 መንገዱ 280 ማይል ገደማ፣ ከ4 ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነው። የጎማ ሰንሰለት መኪናው ውስጥ ይኑር፤ የማለፊያውን ሁኔታ ከመነሳትህ በፊት እይ። ማታ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ስትጽፍ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ከሁለት አንዳችሁ ከተጠራጠራችሁ በረራው ይሰረዝ፣ ጠዋት ሰማዩ የተሻለ ቢመስልም አይከለስ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የትኛውም ሰዓት ቢሆን አብሬህ አየዋለሁ። ለባለቤትህና ለልጅህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መልካም ገና ይሁንላችሁ።

ወንድምህ
ሳምሶን