ተርፌያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ወገኖቼ፣ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄ ገና ጀሶ ውስጥ ስለሆነ በግራዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ከመሸንቲ ስመለስ በሞተር የደረሰብኝን አደጋ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ አልደግመውም።

መጀመሪያ እትዬን ላመስግን። ጊዮርጊስ አካባቢ ቡና የሚያፈሉትን። ሞተር ከያዝኩ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን የምጠጣው እሳቸው ጋ ነው። ስነሳ ዝም ብለው አይለቁኝም። "ና እስቲ፣ ቀና በል" ይሉኛል። ከዚያ ከሰል ከሰል የሚሉ ሁለት ጣቶቻቸውን ከአገጬ ሥር በሄልሜቱ ማሰሪያ ውስጥ ያስገባሉ። ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው። ከዚያ ከሰፋ ራሳቸው ያጠብቁታል። ልጃቸው ሞተረኛ ነው፣ ከእሱ ነው የተማሩት። የዚያን ቀን ቸኩዬ አናቴ ላይ ጣል አድርጌው ልነሳ ስል፣ የያዙትን ሲኒ አስቀምጠው ሞተሩ ድረስ መጡና አሰሩልኝ። እትዬ፣ ያቺን ደቂቃ በምን ልክፈልዎት?

ሐኪም ቤትም በየቀኑ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ይመጡ ነበር። ሄልሜቱን ያስቀመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ሳየው አለቀስኩ። የቀኝ ጎኑ እስከ ውስጡ ፎም ተፍቋል፣ መስታወቱ የለም። አንድ ሰው ቀለም ቀብቼ ልሽጠው ብሎ ሲጠይቃቸው ማሰሪያውን በቢላ ቆርጠው ጣሉት። "የሌላ እናት ልጅ እንዳያጠልቀው" አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዴ የተመታ ሄልሜት ፎሙ ተጨፍልቋል፣ ከላይ ቢያምር እንኳ ሁለተኛ አያድንም።

ጓንቴም መዳፉ ላይ ቆዳው አልቋል፣ የእኔ መዳፍ ግን ምንም አልሆነ። ጃኬቱን በሙቀቱ ሰበብ ቤት ትቼው ነበር፣ ክንዴ የተላጠው ለዚያ ነው።

አንተ የባጃጅ ሾፌር ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅኩህም። ሰው ተሰብስቦ ሄልሜቱን ሊጎትት፣ ውኃ ሊያፈስብኝ ሲል "አትንኩት! አንገቱ ይሆናል!" ብለህ ጮህክ። እየተነፈስኩ መሆኔን አይተህ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቴን በሁለት እጅህ ይዘህ አስፋልቱ ላይ ተንበረከክ። ድምፅህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ፣ እጃችሁ ይባረክ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ዕድርተኞቻችን፣ የቀበሌ 14 ልጆች፣ በስልክ ያለቀሳችሁልኝ ሁሉ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ጥናቶች ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እኔ ቁጥሩን ስሰማ ያየሁት የእትዬን ጣቶች ነው።

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፣ ብዙ ቀን እንቅልፍና ሕመም ነበር፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ሁሉንም አላስታውስም።

የባጃጁ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ጊዮርጊስ ጋ ና። ጠዋት እትዬ ጋ ነኝ። ቡናው በእኔ ነው።