ኮሌጃችንን በኑዛዜያችሁ ላሰባችሁ

ሰላም የማኅበራችን አባላት፣

አትደንግጡ፣ ዛሬ መዋጮ ልጠይቅ አይደለም። ኮሌጃችንን ኑዛዜያችሁ ውስጥ ያስገባችሁ አላችሁና እናመሰግናለን ለማለት ነው። የኑዛዜ ስጦታ ሰጪ ምስጋናውን በጆሮው አይሰማም፤ ስለዚህ በደህናው ጊዜ ብንለው ይሻላል። ስም አንጠራም፣ ያው እኛ ዘንድ ኑዛዜ ሲነሳ "ምን ያሟርታል" የሚል አይጠፋም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆን ሃርቫርድ የሚባል ወጣት ሰባኪ በ1638 እ.ኤ.አ. ሲሞት የሀብቱን ግማሽና 400 ያህል መጻሕፍቱን ገና ለተቋቋመ ትንሽ ኮሌጅ ተወ፣ በዓመቱ ኮሌጁ በስሙ ተጠራ። (እኛ ግን ስም አንቀይርም፣ ይቅርታ!) የተናዘዘውም በቃሉ ነበር።

በእኛ ሕግ ይሄ አያስኬድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል ኑዛዜ የሚሰጥ ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ይላል፤ በዛሬ ገበያ ምን እንደሚገዛ እናንተው ፍረዱ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ራሳችሁ የምትጽፉት ከሆነ ሙሉውን በእጃችሁ ጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍሩ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑሩበት፣ ከዚያ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ አትርሱት፤ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሌላ ሰው የሚጽፍላችሁ ከሆነ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ።

የኮሌጁንም ሙሉ ስም ጻፉ እባካችሁ። "ለተማርኩበት ቤት" የሚል ነገር ልጆቻችሁን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ለልጆቻችሁም አሁኑኑ ንገሯቸው፣ ከሐዘኑ ማግስት ከወረቀት ላይ ከሚያነቡት ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።