በሰው ክብደት አትሙላው

ውድ ልጄ፣

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ የሆነውን ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቁልቁለቱ ላይ የብስክሌትህ የኋላ ጎማ ከሥርህ ተስፈንጥሮ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ እንደጣለህ፣ ክርንህ ግን ከመላጥ አልፎ እንዳልተሰበረ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ያስቆጣኝ ከዚያ ቀጥላ ያለችኝ ነው። የኋላውን ሾክ፣ ያን የመንገዱን ንጥሻ በአየር የሚያለዝበውን ዕቃ፣ እስከ 210 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሞላኸው ጓደኛህ «እኔ የምነዳው በዚህ ነው» ስላለህ ብቻ ነው አሉ። ልጁ ከአንተ በ20 ኪሎ ይከብዳል! በሰው ክብደት አትሙላው ብዬህ አልነበረምን?

ይህን ለመናገር አፌን ሞልቼ እንዳልሆነ ግን ልታውቀው ይገባል። የ13 ዓመት ልጅ ሳለህ የእኔን ብስክሌት ስሰጥህ ኮርቻውን ዝቅ አደረግሁልህ፣ ፍሬኑንም አጠበቅሁልህ፤ የሾኩን አየር ግን ለእኔ ለ68 ኪሎዋ ሴት እንደተሞላ ተውሁት። አንተ ያን ጊዜ 40 ኪሎ እንኳ አትሞላም ነበር። «እማዬ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጥሁ ይመስለኛል» ስትለኝ፣ «ጉልበትህን ስለማታጥፍ ነው» ብዬ ገሠጽሁህ። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ብስክሌቱን ሳጥብ፣ በሾኩ ዘንግ ላይ ያለችው፣ ሾኩ ምን ያህል እንደተጨመቀ የምታሳየው የጎማ ቀለበት ከመንገዷ ግማሹን እንኳ ሳትሄድ ቆማ አየኋት፤ ያ ሁሉ ጉብታና ጉድጓድ ወገብህ ላይ ሲያርፍ እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው። ለማንም ሳልናገር አየሩን ቀነስሁ። በማግስቱ እየሮጥህ ገብተህ «እማዬ፣ ዛሬ ቻልሁበት!» ስትለኝ፣ «አየህ፣ ጉልበትህን ስላጠፍህ ነው» አልሁህ። እውነቱን ስነግርህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ሾኩን እንደገና አስተካክል፤ ዛሬውኑ። የጎማ መንፊያውን ተውና የሾክ ፓምፑን ያዝ፤ የሾኩ ክፍል ጠባብ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ስለሆነ በጎማ መንፊያ ልኩን አታገኘውም። ከመለካትህ በፊት ሄልሜትህን አድርግ፣ ውሃ የሞላውን ቦርሳህን ተሸከም፣ እነርሱም ክብደት ናቸውና፤ የሾኩን መቆለፊያም ክፈተው። ጥቂት በሞላህ ቁጥር ኮርቻውን አሥር ጊዜ ያህል እየተጫንህ ልቀቀው፤ ውስጥ ያሉት ሁለት የአየር ክፍሎች ካልተመጣጠኑ የፓምፑ መለኪያ ያታልልሃል። ከዚያም ግድግዳ ተደግፈህ እንደምትነዳው ሆነህ ፔዳሎቹ ላይ ቁም፣ ቀለበቷን እስከ ማሸጊያው ጎማ ድረስ ግፋት፣ ሳትነጥር ቀስ ብለህ ውረድ። የዘንጉ ሙሉ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀለበቷ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃ መገኘት አለባት፤ ይህም 30 በመቶ ነው። ከዚያ ከበለጠ 5 ፒኤስአይ ጨምር፣ ካነሰም ቀንስ፣ ደግመህም ለካ። አምራቾች በክብደት ከፍለው የሚያወጡት ሰንጠረዥ እንኳ መነሻ ብቻ ነው፤ የጓደኛህ ቁጥርማ መነሻም አይሆንህም።

ፓምፑን ስትነቅል የምትሰማው ፉጨት ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነውና አትደንግጥ። «እስቲ ልየው» ብለህ መልሰህ ብትሰካው ደግሞ ቱቦው ከሾኩ አየር ስለሚወስድ ቁጥሩ ቀንሶ ይታይሃል፤ ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ያለ ልክ እንደሞላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በሾኩ አካል ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ግን በፍጹም አትለፍ።

ለመውደቅህ ምክንያት የመሰለኝን ደግሞ ልንገርህ። አየር ሲበዛ ሾኩ ተጨምቆ የሚመለስበት ኃይል ይበረታል፤ አንተም አየሩን ጨምረህ የመመለሻውን መቆጣጠሪያ፣ ሾኩ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚገታውን፣ እንደነበረ ስለተውኸው ጎማው እንደ ወስፈንጥር የወረወረህ ይመስለኛል። መቆጣጠሪያውን የምትነካው አየሩ ልክ ከሆነ በኋላ ነው፤ ቀድመህ ብትነካው ድካምህ ከንቱ ነው። ጓደኛህ ስንት ጊዜ እንዳዞረውም አትጠይቀው። በሰው ክብደት አትሙላው፣ በሰው ክብደትም አታስተካክለው።

ቀለበቷ የቆመችበትን በማስመሪያ ለክተህ ሚሊ ሜትሩን ጻፍልኝ፤ የፒኤስአዩን ቁጥር አልፈልገውም። ክርንህ እስኪድን ድረስ ያን ቁልቁለት እንዳትወርድ፤ ማስመሪያ ከሌለህም ከእህትህ ተዋስ።

የምትወድህ እናትህ